ለዛና በያን፦ የሙስሊም ዑለማእ ከሳንስክሪት ሥነ ግጥም ጋር የተገናኙባቸው መንገዶች

በበላጋ ትምህርት ዙሪያ ሁለት አባባሎች በተደጋጋሚ ይሰማሉ። አንደኛው፣ የንግግርን ውበት በሥርዓት መርምሮ ዕውቀት ያደረገው የዐረብ ሕዝብ ብቻ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሙስሊሞች በላጋን ጨምሮ ዕውቀታቸውን በሙሉ ከግሪክና ከሕንድ ወስደው ስሙን ብቻ ለወጡት ይላል። የመጀመሪያው በመድረሳ፣ ሁለተኛው በዩኒቨርሲቲ ይበልጥ ቢሰማም ሁለቱ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሰነድ አይጠየቅባቸውም። ሐዲሥ ሲነገረን «ማን አስተላለፈው? ከማንስ ሰማው?» ብለን የምንጠይቅ ሰዎች፣ የዕውቀት ታሪክ ሲነገረን ያለ ሰነድ መቀበል አይገባንም።

በዚህ ጽሑፍ አንድ ጉዳይ ብቻ መርጠን እንመረምራለን። እርሱም በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት የተጻፈው የሥነ ግጥም ትምህርትና፣ የሙስሊም ዑለማእ ከባግዳድ እስከ ደቡባዊቷ የሕንድ ምድር እስከ ደከን ድረስ፣ ወደ አንድ ሺህ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ከዚሁ ትምህርት ጋር የተገናኙባቸው መንገዶች ናቸው። የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ግንኙነቱ ፍሬ ያፈራው ዑለማኡ የሚያውቁትንና የማያውቁትን ለይተው በተናገሩበት፣ የራሳቸውን ዕውቀት ጠንቅቀው ይዘው የሌላውን ከነባለቤቱ ስም ባስተላለፉበት ጊዜ ነው። ይህም አማና እንጂ ሌላ አይደለም።

የሐኪሙ መልስ

አቡ ዑሥማን አል-ጃሒዝ (በ255 ዓ.ሂ.፣ እ.ኤ.አ. በ868 ያረፉ) «አል-በያን ወት-ተብዪን» በተሰኘው መጽሐፋቸው አንድ ወሬ አስፍረዋል። የበርመኪ ቤተሰብ ተወላጅ የሆኑት ወዚር የሕያ ኢብኑ ኻሊድ የሕንድ ሐኪሞችን ወደ ባግዳድ ባስመጡበት ዘመን፣ መዕመር አቡል አሽዐሥ የተባሉ ሰው በህላ የተባሉትን ሕንዳዊ ሐኪም «በሕንድ ሰዎች ዘንድ በላጋ ማለት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋቸው። በህላም በጉዳዩ ላይ በሀገራቸው የተጻፈ ጽሑፍ መኖሩን ከገለጹ በኋላ፣ እርሳቸው ግን አሳምረው ሊተረጉሙት እንደማይችሉ፣ በዚህ ሙያ ስላልሠሩበትም ረቂቅ ፍቺዎቹን በትክክል አስቀምጣለሁ ብለው በራሳቸው እንደማይተማመኑ ተናገሩ። ጠያቂውም ጽሑፉን ይዘው ወደ ተርጓሚዎች ሄዱ።

በተርጓሚዎቹ በኩል የወጣው ይዘት ስለ ተናጋሪ ሰው ባሕርይ ያወሳል። ተናጋሪው ልቡ የረጋ፣ አካሉ የማይቁነጠነጥ፣ ዓይኑ የማይቅበዘበዝ፣ ቃሉን የሚመርጥ እንዲሆን፣ ለታላላቆች በተራው ሕዝብ አነጋገር፣ ለነገሥታትም በገበያ ሰው አነጋገር እንዳይናገር ይመክራል። ይህ ምክር ዛሬም ሚንበር ላይ ለሚወጣ ኸጢብ ጠቃሚ ነው። ሆኖም ስለ ግጥም ጣዕም ወይም ስለ ቃላት ድብቅ ፍቺ የሚናገረው ሌላው ሰፊ የሕንድ ትምህርት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም። ወደ ባግዳድ የደረሰው ከትልቅ ቤት አንድ መስኮት ነበር።

ለዚህ መንስኤው ግልጽ ነው። ወደ ዐረብኛ የመጡት የሕንድ መጻሕፍት በአብዛኛው የሕክምና፣ የሥነ ፈለክ፣ የሒሳብና እንደ «ከሊላ ወዲምና» ያሉ የጥበብ መጻሕፍት ነበሩ። አል-ጃሒዝ ራሳቸው «ኪታቡል ሐየዋን» ውስጥ ግጥም ወደ ሌላ ቋንቋ ቢዞር ሚዛኑ እንደሚፈርስና ድንቅነቱ እንደሚጠፋ አስረድተዋል። በዚያው ቦታ የሕንድ መጻሕፍት ተተርጉመው ውበታቸው አለመጉደሉን ያነሳሉ። ነገር ግን የተተረጎሙት የሐሳብ መጻሕፍት እንጂ የግጥም መጻሕፍት አልነበሩም። የሕንድ ግጥምም ቢሆን እንደ ዐረቡ ሁሉ በትርጉም ውስጥ የሚያጣው ነገር ነበረው።

ከዚህ ወሬ ይበልጥ የሚያስተምረን የበህላ መልስ ነው። በሕክምና የታወቁ ሰው ነበሩ፤ የሚጠየቁት ስለ ገዛ ሀገራቸው ነው፤ ጠያቂው በመልሳቸው ላይ ሌላ ምስክር ማቅረብ አይችልም ነበር። ቢሆንም ሙያዬ አይደለም ብለው ጉዳዩን ወደ ሌላ አሳለፉት። ሁለቱ ሥልጣኔዎች ስለ በላጋ ሲነጋገሩ ከተመዘገቡት ቀደምት ቃላት መካከል አንዱ «ይህን አልችልም» የሚለው መሆኑ ለታሪካችን ክብር ነው።

ሕንዶቹ ምን አሉ?

የበህላ ሙያ ያልነበረው ትምህርት ምን ይዟል? መነሻው «ናትያ ሻስትራ» የተባለው የትያትር መጽሐፍ ነው። ባራታ ለተባሉ ሊቅ የሚሰጥ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ከክርስቶስ ልደት በፊት 200 እና ከልደት በኋላ 200 ዓመት መካከል ያስቀምጡታል። የመጽሐፉ ዋና ቃል «ራሳ» ነው። ራሳ በቋንቋው ጭማቂ፣ ጣዕም ማለት ነው። በአማርኛ ስለ ንግግርም ስለ ምግብም የምንናገርበት «ለዛ» የተባለው ቃል ለዚህ ሐሳብ በጣም ይቀርባል።

ጥያቄው እንዲህ ነው። በመድረክ ላይ ሐዘን ሲታይ ተመልካቹ ያለቅሳል፤ ነገር ግን ቤቱ ሐዘን ቢገባ እንደሚሆነው አይሆንም፤ እንዲያውም ነገም ተመልሶ ይመጣል። ታዲያ የሚቀምሰው ነገር ምንድን ነው? መልሱ በወጥ ቤት ምሳሌ ተሰጠ። ቅመምና ቅጠላ ቅጠል ሲዋሐዱ ከእያንዳንዳቸው የተለየ አንድ ጣዕም እንደሚወጣ ሁሉ፣ ስሜትን የሚቀሰቅሰው ሁኔታ፣ ስሜቱ በሰውነት ላይ የሚያሳያቸው ምልክቶችና እየመጡ የሚሄዱ ጥቃቅን ስሜቶች ሲዋሐዱ አንድ ለዛ ይወጣል። መጽሐፉ ስምንት ለዛዎችን ይቆጥራል፤ እነርሱም ፍቅር፣ ሣቅ፣ ርኅራኄ፣ ቁጣ፣ ጀግንነት፣ ፍርሃት፣ መጸየፍና መደነቅ ናቸው። በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ዘጠነኛ አድርገው «ሻንታ»ን፣ ማለትም የነፍስ እርጋታን ጨመሩ።

ከትያትሩ ጎን ለጎን ስለ ግጥም ብቻ የሚመረምር ሌላ ትምህርት አደገ። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደኖሩ የሚገመቱት ባማሃና ዳንዲን የንግግርን ጌጦች ቆጥረውና ተንትነው ጻፉ። ጌጥ በሳንስክሪት «አላንካራ» ይባላል። ከእነዚህ ውስጥ ተሽቢህን፣ ኢስቲዓራንና ሙባለጋን የሚመስሉ ብዙ አሉ።

በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ በካሽሚር፣ በንጉሥ አቫንቲቫርማን ዘመን፣ አናንዳቫርዳና የተባሉ ሊቅ ተነሥተው የግጥም ነፍስ ጌጡ ሳይሆን «ድቫኒ» ነው አሉ። ቃሉ ድምፅ፣ ማስተጋባት ማለት ነው። ደወል ከተመታ በኋላ ድምፁ እየሳሳ እንደሚቆይ ሁሉ፣ ቃሉ ግልጽ ፍቺውን ከሰጠ በኋላ ሌላ ያልተነገረ ፍቺ በሰሚው ልብ ውስጥ ያስተጋባል። ለዚህ የትምህርት ቤት ምሳሌ የሆነው «በጋንጅስ ላይ ያለ መንደር» የሚለው አነጋገር ነው። መንደር በውኃ ላይ አይቆምም፤ ስለዚህ ሰሚው የተፈለገው ዳርቻው መሆኑን ይረዳል። ነገር ግን ተናጋሪው «በዳርቻው» ማለት እየቻለ ለምን እንዲህ አለ? የወንዙ ቅዝቃዜና፣ በእነርሱ እምነት ያለው ቅድስና፣ ለመንደሩ እንዲተርፍ ነው። ይህ ሦስተኛው ነገር በየትኛውም ቃል ውስጥ አልተነገረም፤ ግን ተሰማ።

በዚሁ በካሽሚር እ.ኤ.አ. ከ950 እስከ 1020 ገደማ የኖሩት አቢናቫጉፕታ ሁለቱን መንገዶች አገናኙ። ድቫኒ ከሁሉ በላይ የሚያደርሰው ወደ ለዛ ነው፤ ለዛውንም የሚቀምሰው የግል ጥቅሙንና የግል ሐዘኑን ለጊዜው ረስቶ የሚሰማ ሰው ነው አሉ። እንዲህ ያለውን ሰሚ «ሳህሪዳያ» ይሉታል፤ ልቡ ከገጣሚው ልብ ጋር አንድ የሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለአማርኛ አንባቢ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ይህን ሲሰማ ወዲያው ወደ አእምሮው የሚመጣው «ሰምና ወርቅ» ነው። ሰምና ወርቅ አንድ ቃል ወይም አንድ ሐረግ ሁለት ፍቺ ተሸክሞ አንዱ በሌላው ሥር የሚሸሸግበት ጥበብ ስለሆነ፣ በበላጋ ከተውሪያ ጋር፣ በሳንስክሪትም «ሽሌሻ» ከሚባለው ጌጥ ጋር ይቀራረባል። ድቫኒ ግን ቃሉ ሁለት ፍቺ እንዲኖረው አይጠይቅም። ቃሉ አንድ ፍቺ ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ የሚያስተጋባው ፍቺው ራሱ ነው።

አል-ቢሩኒ፦ ሚዛኑ ተገኘ፣ ለዛው ራቀ

አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ (እ.ኤ.አ. በ973 የተወለዱ) ስለ ሕንድ የጻፉትን ታላቅ መጽሐፍ በ421 ዓ.ሂ.፣ እ.ኤ.አ. በ1030 አካባቢ ፈጸሙ። ከሰማንያዎቹ ምዕራፎች አሥራ ሦስተኛው ስለ ሕንዶች ሰዋስውና የግጥም ሚዛን ነው። በመግቢያቸው መጽሐፉ የክርክር መጽሐፍ እንዳልሆነ፣ የሕንዶቹን ቃል እንዳለ እንደሚያቀርቡ አስታውቀዋል፤ በምዕራፉም ይህንኑ አድርገዋል።

ስለ ሰዋስው መነሻ የሚተረከውን ታሪክ ይነግሩናል። አንድ ንጉሥ ከሚስቶቹ ጋር በኩሬ ሲጫወት አንዲቱን «ውኃ አትርጪብኝ» አላት፤ እርስዋ ግን ቃላቱ ሲጋጠሙ በሚሰጡት ድምፅ ተሳስታ «ጣፋጭ አምጪልኝ» ያለ መስሏት ጣፋጭ ይዛ መጣች። ንጉሡ ሲነቅፋት በቁጣ መለሰችለት፤ እርሱም ተከፍቶ ምግብ ተወ። ከዚያም አንድ ጠቢብ ሕዝቡን ሰዋስው አስተምራለሁ ብሎ አጽናናው፤ ጥቂት ደንቦችንም አመጣ። አል-ቢሩኒ እነዚህን ደንቦች አቡል አስወድ አድ-ዱአሊ ለዐረብኛ ካስቀመጧቸው ጋር ያመሳስሏቸዋል። የነሕው ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የአቡል አስወድ ታሪክም ከቃል ስሕተት የሚነሣ ነውና፣ ንጽጽሩ ለአንባቢያቸው የቀረበ ነበር።

ወደ ግጥሙ ሚዛን ሲመጡም «ቀላል» እና «ከባድ» የሚባሉትን ክፍለ ቃላት ከዐሩድ ትምህርት ጋር እያነጻጸሩ ያስረዳሉ። አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድ ሕንዶች ለግጥም ሚዛን እንዳላቸው ሰምተው ሊሆን ይችላል የሚል የአንዳንድ ሰዎችን ግምትም ያነሳሉ። ነገር ግን ግምቱን ግምት ብለው ነው ያቀረቡት፤ በዚያው ቦታ የአል-ኸሊልን የፈጠራ ችሎታ ያወድሳሉ። ግምትን ከወሬ፣ ወሬን ከተረጋገጠ ነገር መለየት የሐዲሥ ሰዎች ልማድ ነው፤ እዚህ በሥነ ግጥም ታሪክ ላይ ሲሠራበት እናያለን።

የበለጠው ነገር ደግሞ ስለ ራሳቸው የተናገሩት ነው። በሚዛን ትምህርት ላይ የተጻፉ የሕንዶችን መጻሕፍት በስም ይዘረዝሩና፣ አንዱንም እንዳላዩ፣ ስለዚህም ትምህርቱን ጠንቅቄ አውቃለሁ እንደማይሉ ይገልጻሉ። ሆኖም ጥቂት የሚያውቁትን ነገር ሙሉ በሙሉ እስኪያውቁት ድረስ ዝም ማለትን አልወደዱም። የበህላ መልስ በሁለት መቶ ዓመት ርቀት በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። ከዚህም አልፈው የኤውክሊድን መጽሐፍና «አል-መጂስጢ»ን በሕንዶች የግጥም ሚዛን ለሕንዶች ሊያዘጋጁላቸው ሲለማመዱ እንደነበር ይነግሩናል፤ ከእነርሱ እየተማሩ ለእነርሱም የሚያስተምሩ ነበሩ።

ነገር ግን አል-ቢሩኒ የለዛንና የድቫኒን ትምህርት አላገኙትም። መንስኤውን ራሳቸው ጽፈውታል። የሱልጣን መሕሙድ ዘመቻዎች የሕንዶችን ዕውቀት ከተያዙት ምድሮች አባርረው የሙስሊሙ እጅ ወዳልደረሰባቸው እንደ ካሽሚርና በናሬስ ወዳሉ ስፍራዎች እንዲሸሽ አድርገዋል ይላሉ። አቢናቫጉፕታ በካሽሚር ይጽፉ በነበረበት ዘመን አል-ቢሩኒ ሕያው ነበሩ። በመካከላቸው የነበረው መንገድ ግን የጦር መንገድ ሆኖ ነበር። ጦርነት ከሕይወትና ከንብረት በተጨማሪ የሊቃውንትን ጭውውት እንደሚያጠፋ ከዚህ የተሻለ ምስክር አናውቅም።

ሁለት ወንዞች

አል-ቢሩኒ ካረፉ ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በኋላ፣ በ471 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1078) አካባቢ ያረፉት ዐብዱልቃሂር አል-ጁርጃኒ «ደላኢሉል ኢዕጃዝ» ውስጥ «መዕና» እና «መዕነል መዕና» የሚለውን ልዩነት አስቀመጡ። መዕና ከቃሉ በቀጥታ የሚገኘው ፍቺ ነው። መዕነል መዕና ደግሞ ያ ፍቺ ራሱ ወደ ሌላ ፍቺ ሲመራ የሚገኘው ነው። ምሳሌው ለመምህራን የተለመደ ነው። አንድን ሰው «የድስቱ አመድ ብዙ ነው» ስንል ስለ አመድ መናገራችን አይደለም። አመድ ከማገዶ፣ ማገዶ ከማብሰል፣ ማብሰል ከእንግዳ ብዛት፣ የእንግዳ ብዛት ከለጋስነት ጋር ይያያዛል።

ይህን ከጋንጅሱ መንደር ጎን ስናስቀምጠው መመሳሰሉ ያስደንቃል። ሆኖም አናንዳቫርዳና ከአል-ጁርጃኒ ሁለት መቶ ዓመት መቅደማቸው አንዱ ከሌላው ወስዷል ለማለት አይበቃም። መጽሐፋቸው ወደ ዐረብኛ አልተተረጎመም፤ አል-ጁርጃኒም ሳንስክሪት የተማሩ ሰው አይደሉም። ሰነዱ ተቆርጧል፤ ይልቁንም ከመጀመሪያው አልነበረም።

መመሳሰሉን የሚያስረዳ ሌላ መንገድ አለ። በሕንድ «ሚማንሳ» የተባለው ትምህርት የቬዳ መጻሕፍትን ትእዛዛት ለመተርጎም ሲል የቃልን ቀጥተኛ ፍቺና የተሻገረ ፍቺ ለይቶ ለብዙ መቶ ዓመታት ተከራክሮበታል። አናንዳቫርዳና በእነዚህ በሁለቱ ላይ ሦስተኛውን የጠቆማ ፍቺ ሲጨምሩ የሚነጋገሩት ከእነዚህ ተርጓሚዎች ጋር ነበር። በእኛም ዘንድ የኡሱልና የተፍሲር ሰዎች ስለ ሐቂቃና መጃዝ ተከራከሩ፤ አል-ጁርጃኒ በዚያ መሠረት ላይ የቁርኣንን ኢዕጃዝ ለማስረዳት ተነሡ። ሁለቱም ወንዞች የመነጩት ከአንድ ዓይነት ተራራ ነው፤ ቅዱስ ያሉትን ቃል አጥርቶ ለመረዳት ከሚደረግ ትጋት።

ልዩነቱም መነገር አለበት። አል-ጁርጃኒ ሰሚው ወደ ሁለተኛው ፍቺ የሚደርሰው በኢስቲድላል፣ ማለትም አንዱን በማስረጃነት ይዞ ወደ ሌላው በመሻገር ነው ይላሉ። አናንዳቫርዳና ግን ጠቆማ ራሱን የቻለ የቃል ኃይል ነው እንጂ የማስረጃ መንገድ አይደለም ይላሉ። የሚገርመው፣ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማሂማባታ የተባሉ ሌላ የካሽሚር ሊቅ አናንዳቫርዳናን ተቃውመው፣ ድቫኒ ያላችሁት ሁሉ በማስረጃ የሚደረስበት ነው ሲሉ ጻፉ። በዚህ ነጥብ ላይ ለአል-ጁርጃኒ ይበልጥ የሚቀርቡት እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ «የዐረብ ሐሳብ» እና «የሕንድ ሐሳብ» እያልን በጅምላ ከማነጻጸር ይልቅ፣ በእያንዳንዱ ወገን ውስጥ የነበረውን ኺላፍ ማወቅ ይቀድማል።

ለዛው ሚንበር ላይ

ሙስሊሞች በሕንድ ከሰፈሩ በኋላ የለዛ ትምህርት በመጽሐፍ ሳይሆን በአንደበት ወደ እነርሱ ገባ። ሙላ ዳውድ በ781 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1379) «ቻንዳያን» የተባለውን ረጅም ግጥም በሕዝቡ ቋንቋ ጻፉ። ከእርሳቸው በኋላ መሊክ ሙሐመድ ጃይሲ በ947 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1540) «ፓድማቫት»ን ጀመሩ። እነዚህ ሱፊ ባለቅኔዎች የፍቅርን ለዛ ከስምንቱ መርጠው፣ ባሪያው ወደ ጌታው ያለውን ናፍቆት መግለጫ አደረጉት። በተሰዉፍ «ዘውቅ» የሚባለው ቃል ራሱ መቅመስ ማለት በመሆኑ ራሳና ዘውቅ ለመገናኘት ብዙ አልተቸገሩም።

የታሪክ ጸሐፊው ዐብዱልቃዲር በዳኡኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደጻፉት፣ ሸይኽ ተቂዩዲን የተባሉ ዋዒዝ ከቻንዳያን የተወሰኑ ግጥሞችን በሚንበር ላይ ያነቡ ነበር፤ ሕዝቡም በእጅጉ ይነካ ነበር። የዘመኑ ዑለማእ ይህን የሕንድኛ ግጥም ለምን መረጡ ብለው ጠየቋቸው። እርሳቸውም ይዘቱ እውነት መሆኑንና ከአንዳንድ የቁርኣን አንቀጾች ማብራሪያ ጋር እንደሚስማማ መለሱ። እኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጠያቂዎቹንም ተጠያቂውንም እናከብራለን። ሚንበር አደራ ነውና ምን እንደሚነበብበት መጠየቅ የዑለማእ ሥራ ነው፤ የተጠየቀም ሰው ምክንያቱን ማቅረብ ግዴታው ነው። የሰሚው መነካት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን ሰሚው ሳይነካ የሚቀርበት ምክርም ዓላማውን አይመታም።

በቢልግራም ከተማ የነበሩት ሚር ዐብዱልዋሒድ በ974 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1566) «ሐቃኢቀ ሂንዲ» በተሰኘ የፋርስኛ መጽሐፍ በሕንድኛ ዜማዎች ውስጥ ለሚገኙ ቃላት ለሱፊ ሰሚ የሚሆን ማብራሪያ ሰጡ። ከዚችው ከተማ የወጡት ሰይድ ጉላም ነቢ (እ.ኤ.አ. በ1750 ያረፉ) ደግሞ «ራስሊን» የሚል የብዕር ስም ያዙ፤ በለዛ የጠለቀ ማለት ነው። ስለ ለዛዎች የሚያስተምር መጽሐፍም በብራጅ ቋንቋ በግጥም ጻፉ። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከሳንስክሪት ሥነ ግጥም ታላላቅ ሊቃውንት የመጨረሻው የሚባሉት ጃጋናታ «የሊቃውንት ንጉሥ» የሚለውን ማዕረግ ያገኙት ከሙጋሉ ንጉሥ ከሻህ ጀሃን ነው።

አዛድ ቢልግራሚ

የዚህ ሁሉ መደምደሚያ የምንለው ሌላው የቢልግራም ልጅ ሰይድ ጉላም ዐሊ አዛድ (1116–1200 ዓ.ሂ.፣ እ.ኤ.አ. 1704–1786) ናቸው። ሐጅ አድርገው በመዲና ከሙሐዲሥ ሙሐመድ ሐያት አስ-ሲንዲ ሐዲሥ ተምረዋል። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጻፏቸው የዐረብኛ ውዳሴዎች «ሐሳን አል-ሂንድ» ተብለዋል። በ1177 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1763/64) በደከን «ሱብሐቱል መርጃን ፊ ኣሣሪ ሂንዱስታን» የተባለውን የዐረብኛ መጽሐፋቸውን ፈጸሙ።

መጽሐፉ አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ስለ ሕንድ በተፍሲርና በሐዲሥ የተጠቀሱትን ይሰበስባል፤ የሰነዶቹ ደረጃ የሙሐዲሦች ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የሕንድ ዑለማእን ታሪክ ይዟል። ሦስተኛው ስለ ንግግር ጌጦች፣ አራተኛው ስለ ፍቅረኞች ዓይነቶች ነው። ለኛ ርእስ ዋናው ሦስተኛው ነው። አዛድ በዐረቦችና በሕንዶች ዘንድ በጋራ የሚገኙ ጌጦች እንዳሉ፣ ለየአንዳንዳቸው ብቻ የሆኑም እንዳሉ ያስረዳሉ። ከሕንዶቹም ወደ ዐረብኛ ሊሻገሩ የሚችሉትን መርጠው የዐረብኛ ስም አወጡላቸው፤ ወሰናቸውን ገለጹ፤ ምሳሌ ያጡበት ቦታ ራሳቸው በዐረብኛ ገጠሙ። ራሳቸው ያፈለቋቸውን ጌጦችም ከሕንዶቹ ለይተው አስቀመጡ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ክፍል ቆይተው «ጊዝላኑል ሂንድ» በሚል ስም ወደ ፋርስኛ መለሱት።

የዚህን ሥራ ክብደት ለመረዳት ሌላ አማራጭ እንደነበራቸው ማሰብ ይበቃል። ጌጦቹን የዐረብኛ ስም ከሰጧቸው በኋላ የኔ ናቸው ቢሉ በሒጃዝም ሆነ በካይሮ የሚያጋልጣቸው አንባቢ አልነበረም። ወይም የጣዖት አምላኪዎች ዕውቀት ነው ብለው ቢተዉት የሚወቅሳቸው አልነበረም። ሁለቱንም አላደረጉም። ይህ ከሕንዶች ነው፣ ይህ ከዐረቦች ነው፣ ይህ ከኔ ነው አሉ። ይህን ማድረግ የቻሉት ደግሞ በላጋን እስከ ጥልቁ ስለሚያውቁ ነበር፤ የራሱን ቤት ወሰን የማያውቅ ሰው የጎረቤቱን ወሰን ማክበር አይችልም።

ገደባቸውንም እንጥቀስ። አዛድ በዋናነት ያሻገሩት ጌጦችንና የፍቅረኞችን ዓይነቶች እንጂ የለዛን ሙሉ ትምህርት አይደለም። ለዛ ከትያትር ተወልዷል፤ በላጋ ደግሞ በቁርኣንና በግጥም ዙሪያ አድጓል። አንዱ «ቀማሹ ምን ይቀምሳል?» ብሎ ይጀምራል፤ ሌላው «ቃሉ ከሙቅተደል ሓል ጋር ይስማማልን?» ብሎ ይጀምራል። ጥያቄያቸው ስለሚለያይ ሁሉ ነገራቸው አይተረጎምም።

ለመምህሩና ለኢማሙ

ከዚህ ታሪክ ለማስተማሪያ ክፍሎቻችን ሦስት ነገሮችን እንወስዳለን።

አንደኛ፣ ስለ ዕውቀት ታሪክ ስንናገር የተወሰደውን፣ የተመሳሰለውንና የተለየውን ለይተን እንናገር። የአዛድ ጌጦች የተወሰዱ ናቸው፤ ባለቤቱ ራሱ መስክሯል። የአል-ጁርጃኒ መዕነል መዕና ከድቫኒ ጋር የተመሳሰለ ነው። ለዛ ደግሞ የተለየ ነው። በመግቢያችን ያነሣናቸው ሁለቱ አባባሎች የሚወድቁት ሦስቱን በአንድ ከረጢት ስለሚከቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ሌሎች ሕዝቦች የንግግርን ውበት አጥንተዋል ማለት የቁርኣንን ኢዕጃዝ አይነካም። ኢዕጃዙ የተመሠረተው ከዐረብ በቀር በላጋን የሚያውቅ የለም በሚል አባባል ላይ አይደለም። እንዲያውም አል-ጁርጃኒ የሰው ንግግር እንዴት እንደሚበላለጥ ያልመረመረ ሰው የኢዕጃዝን ማስረጃ በራሱ ሊያይ እንደማይችል አስተምረዋል። የሰውን ጥበብ በስፋት ያወቀ ሰው ከሰው በላይ የሆነውን ለመለየት ይበልጥ የተዘጋጀ ነው።

ሦስተኛ፣ በላጋን የስምና የወሰን ሽምደዳ ብቻ አድርገን አናስተምር። ተማሪው «ይህ ኪናያ ነው» ከማለቱ በፊት በልቡ ምን እንዳስተጋባ እንጠይቀው፤ በግልጽ ቢነገር ኖሮ ምን ይጎድል እንደነበር ያስረዳ፤ ከዚያ በኋላ ስሙን ይንገረን። ይህን ለማድረግ የለዛን ትምህርት ወደ መድረሳችን ማስገባት አያስፈልግም፤ በአል-ጁርጃኒ መጻሕፍት ውስጥ ያለውን የቀማሽነት መንገድ መልሰን ማንሣት ይበቃል። ኸጢቡም ቢሆን ምክሩ የሚያርፈው በሰሚ ልብ ላይ መሆኑን አስቦ ይዘጋጅ፤ ስለማያውቀው ነገር ሲጠየቅም የሕንዱን ሐኪም መልስ ለመመለስ አይፈር።

አላህ ይበልጥ ያውቃል።